አድማሴን ማን ያርዳው?

ቡሬ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለይሄይስ፣

የአባትህን ነፍስ በአብርሃም ዕቅፍ ያኑርልን፤ አንተንም በሰው አገር ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። እኔ ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር ደኅና ነኝ። ዘንድሮ ዝናቡ ለበርበሬው በዛበት እንጂ ለበቆሎው ተስማምቶታል።

እንግዲህ ስለ ፓርቲያችን ስለ ኅብረቱ ልጻፍልህ። ለምን አልደወለችም እንዳትል፤ የእኛ አገር ስልክ ከአንድ በላይ ጆሮ አለው።

አዲስ አበባ ያሉት ሁለቱ አለቆቻችን ከተኳረፉ ወዲህ ከዋናው ቢሮ አንድም ቃል አልመጣልንም። አንደኛው ኅብረቱ የእኔ ነው ይላል አሉ። ሌላው ማኅተሙን ይዞ ቤቱን ዘግቷል አሉ። ጠቅላላ ጉባኤ ካልጠራን ከመዝገብ እንሰረዛለን የሚል ወሬም ይናፈሳል። የቡሬው ሊቀመንበራችን ከምርጫው ማግሥት ትቶን ወጣ፤ ምክትሉም ብዙ አልቆየ። ቢሮ የሚያከራየን ስናጣ "የወግና የርስት ኅብረት" የሚለውን ሰሌዳ እኔ በር ላይ ሰቅለነው ነበርና፣ ሰሌዳው ያለበት ቤት ሊቀመንበር ይሁን ብለው እኔን መረጡኝ። እነዚያ ወግ አጥባቂ ነን የሚሉ ሽማግሎች አንዲት ባልቴት ሊቀመንበር ሲያደርጉ ምን ያህል ፈርተው እንደ ነበር አንተው ገምተው።

አሁን ከሰዉ ሁሉ ሳይቀር የሚመጣው አድማሴ ነው። የምታውቀው አይመስለኝም። ከጅጋ ከፍ ብሎ የሚኖር ገበሬ ነው፤ ቃል የማያበዛ ሰው። በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ሽግሽግ አባቱ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ነበር ተብሎ "ቢሮክራት" የሚል ስም ወጣለትና ከመሬታቸው ግማሹ ተቆርሶ ለሌላ ተሰጠ። ኅብረቱ "መሬት ለገበሬው ርስት ይሁን፤ ማንም በስብሰባ አይቁረሰው" ሲል የሰማ ዕለት መጥቶ ተመዘገበ። በርበሬውን ቡሬ ሸጦ ሲመለስ ደጄ ላይ ቆም ይልና፣ ኅብረታችን አለ ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። እኔም አለ እለዋለሁ። ከማን ሰምቼ እንደምለው ግን አላውቅም።

አንተ የውጭው ኮሚቴ ሰብሳቢ ነህ፤ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ሰሌዳው ቀለሙ ለቋል። ላሳድሰው ወይስ ላውርደው?

አክስትህ እህተ ማርያም


ኮሎኝ፣ ኅዳር 9 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለክብርት አክስቴ ለእመት እህተ ማርያም፣

ጉልበትዎን ኪዳነ ምሕረት በእጇ ትዳስስልኝ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ አባቴን ያየሁ ያህል ነው የተሰማኝ፤ የእጅ ጽሕፈታችሁ አንድ ነው።

እውነቱን ልንገርዎ፤ እዚህም ሦስት ቦታ ተከፍለናል። ገሚሱ ብቻችንን እንቁም ይላል። ገሚሱ ከአዲሱ የለውጥ ግንባር ጋር እንዋሐድ ይላል። ጥቂቶቹ ደግሞ ከመንግሥት ጋር ተነጋግረን በሰላም እንሥራ ይላሉ። ወጣቶቹ "ርስት" የሚለውን ቃል ሲሰሙ የአያቶቻቸው ጭሰኝነት ትዝ ይላቸዋል፤ ቢያንስ ስሙን እንቀይር እያሉ ያስጨንቁናል። እኔ ስሙ ይቆይ ከሚሉት ጋር ነኝ። በዚህ ወር መጨረሻ ፍራንክፈርት ላይ ተሰብስበን አንድ ነገር እንቆርጣለን።

ሰሌዳውን ያሳድሱት። የቡሬ፣ የጅጋና የፍኖተ ሰላም አባላት ስንት እንደሆኑ ጽፈው ይላኩልኝ፤ ለስብሰባው አገር ቤት ሥር እንዳለን ማሳየት አለብኝ። ፎቶግራፍ ቢኖር ደግሞ ይበልጥ ይጠቅመኛል። ይህን አድማሴ የሚሉትን ሰው አይዞህ ይበሉልኝ። እንደ እሱ ያሉ ሰዎች ባይኖሩ እኛ እዚህ የምንሰበሰበው ምን ብለን ነው?

ልጅዎ ይሄይስ


ቡሬ፣ ጥር 24 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለይሄይስ፣

ጥምቀትን እንዳከበርን ለፋሲካም ለከርሞም ያድርሰን። የጠየቅኸኝን ቁጥርና ፎቶግራፉን ለበዓል መጥተው ወደዚያ በሚመለሱ ሰዎች እጅ ልኬልሃለሁ፤ ደርሶህ ይሆናል። ከፊት ቆሞ ባርኔጣውን በደረቱ የያዘው አድማሴ ነው። ፎቶ ሊያነሡት ሲሉ ባርኔጣውን ካላወለቅሁ ብሎ አስቸገረ፤ ለትልቅ ሰው የሚላክ ነው ስላሉት።

ስለ ፍራንክፈርቱ ስብሰባ ምንም አልጻፍህልኝም። ሥራ በዝቶብህ ነው ብዬ ትቼው ነበር። አሁን ግን ልተወው የማልችለው ነገር መጣ።

አድማሴ ከወል ደን ዛፍ ቆርጠሃል ተብሎ ተከሷል። ዛፉን እሱ አልቆረጠውም፤ ማን እንደቆረጠው አገሩ ያውቃል። ከሳሾቹም ነገሩን ብዙ አልደበቁትም። ከዚያ ማኅበር ወጥቻለሁ ብለህ ፈርም፣ የዛፉ ጉዳይ በምክር ያልቃል ብለውታል። እስከ ፋሲካ ቀን ሰጥተውታል። ሚስቱ አቻምየለሽ ፈርምና እንረፍ ትለዋለች። እኔም በልቤ አልፈረድኩባትም።

ቅዳሜ ዕለት አድማሴ መጣ። ሲገባ እንደ ወትሮው አልቆመም፤ ተቀመጠ። እንዲህ አለኝ፦ "እመት፣ እርስዎን አምናለሁ። ኅብረቱ ካለ ታስሬም ቢሆን አለሁ፤ አልፈርምም። ከሌለ ግን በሌለ ነገር አልታሰርም፣ ልጆች አሉኝ። ይጠይቁልኝና ቁርጡን ይንገሩኝ።"

ልብ በል፣ ተስፋ አይደለም የጠየቀኝ። ቁርጡን ነው። እኔም ከአንተ መልስ እስኪመጣ ጠብቅ ብየዋለሁ። ይሄይስ፣ ረጅም ደብዳቤ አልፈልግም። አለ ወይም የለም በለኝ። ከሌለም አትፍራ፤ ሰው በሰላም ቤቱ ይገባል፣ እኔም ሰሌዳዬን አውርጄ ጸሎቴን እይዛለሁ።

እህተ ማርያም


ኮሎኝ፣ መጋቢት 2 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለክብርት አክስቴ፣

እንኳን ለጾሙ አጋማሽ በሰላም አደረስዎ። መልሴ ስለዘገየ ይቅር ይበሉኝ። ክረምቱ ዘንድሮ ጠንክሮብን ከርሟል፤ እኔም ጉንፋን ይዞኝ ሰንብቼ ነበር። የምሠራበት የመድኃኒት መጋዘን ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውሮ ጠዋት ጠዋት ሁለት ባቡር እለዋወጣለሁ። ራይን ወንዝ ሞልቶ ዳር ዳሩን አጥለቅልቆታል፤ ሳየው በክረምት ዓባይን ስንሻገር አባቴ እጄን አጥብቆ የያዘኝ ትዝ ይለኛል።

የላኩልኝ ፎቶግራፍ ደርሶኛል። እዚህ ሁሉም አይቶታል፤ በጣም ነው የወደዱት።

የአንድ ፓርቲ ነገር እንደ ሰው ነገር አይደለም አክስቴ። ፓርቲ ይቀጥናል ይወፍራል፣ መልኩን ይለውጣል፣ ዓላማው ግን ይኖራል። ወግ የሚጠብቅ ሰው መታገሥን ያውቃል። አሁን ያለንበት ጊዜ ብዙ ነገር የማይነገርበት ጊዜ ነው፤ በቅርቡ ሁሉም ግልጽ ይሆናል። ስለዚህ ለጠየቁኝ ነገር መልሴ ፓርቲው አለ ነው። ለአድማሴም እንዲሁ ይንገሩት፤ እንዲጸና።

ለበዓሉ የሚሆን ነጠላ ልልክልዎ አስቤያለሁ። ቁመትዎን ረስቼዋለሁና ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ይሄይስ


ቡሬ፣ ግንቦት 6 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለይሄይስ፣

ክርስቶስ ተንሥአ ብዬ ልጀምር።

ደብዳቤህ የደረሰኝ በሆሳዕና ሳምንት ነው። ሁለት ገጽ ስለ ባቡርና ስለ ወንዝ ጽፈህ፣ እኔ የጠየቅሁህን በአንድ መስመር አለፍኸው። ቢሆንም መስመሩ አለች፤ ፓርቲው አለ ትላለች። እኔም ለአድማሴ አለ አልኩት። ልጅዎ ነው የጻፈው ወይ አለኝ። በእጁ ነው የጻፈው አልኩት። ባርኔጣውን ደፍቶ ሄደ።

አልፈረመም። ከፋሲካ ማግሥት ወደ ፍኖተ ሰላም ወሰዱት። ጉዳዩ ይታያል ይባልና ቀጠሮ ይሰጠዋል፤ ቀጠሮው ሲደርስ ምስክር አልተሟላም ተብሎ ሌላ ቀጠሮ ይሰጠዋል። ማሳው ሳይታረስ በልግ አለፈ። አቻምየለሽ ለስንቅ መመላለሻ አንዱን በሬ ሸጠችው፤ በአንድ በሬ ደግሞ የሚያርስ የለምና መሬቱን ምርቱን እኩል ለሚካፈል ሰው ሰጠችው። ትልቋ ልጃቸው ትሕትና ፍኖተ ሰላም ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። ለአባቷ ምግብ የማደርሰው እኔ ነኝ ብላ ትምህርቱን ትታ አንድ ሆቴል አንሶላ ታጥባለች።

የውጭው ኮሚቴ በኅብረቱ ስም አንድ ወረቀት ይጻፍለት። ጠበቃ ይሁን፣ አቤቱታ ይሁን፣ እናንተ ታውቃላችሁ። አባላችን ነው በሉ። ነጠላውን ተወው፤ ነጠላ አለኝ።

እህተ ማርያም


ቡሬ፣ ሐምሌ 15 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለይሄይስ፣

ጤናህን አልጠይቅህም፤ ደኅና መሆንህን ሰምቻለሁ።

የሰማሁትም በሬዲዮ ነው። አቻምየለሽ በርበሬ ልትሸጥ መጥታ፣ ስትመለስ ባሏን ልታይ እኔ ዘንድ ዐረፍ ብላ ነበር። አንዱን ክፍሌን የተከራየው ሰው ሬዲዮ ተከፍቷል። ከውጭ የሚያሰማው ጣቢያ ነው። ሰውየው እንዲህ አለ፤ የወግና የርስት ኅብረት ከለውጥ ግንባር ጋር ተዋሕዷል፣ ስሙም ቀርቷል፤ ውሳኔው ባለፈው ኅዳር መጨረሻ ፍራንክፈርት ላይ በሙሉ ድምፅ ያለፈ ሲሆን፣ ለአደረጃጀት ሲባል ሳይነገር ቆይቷል። ቀጥሎ የግንባሩን መሪዎች ጠራ። ምክትል ሊቀመንበር ብሎ ያንተን ስም ከነአባትህ ጠራው። የወንድሜን ስም በሬዲዮ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

በሙሉ ድምፅ ማለት ምን እንደሆነ መምህር ገብረ ሕይወትን ጠየቅኳቸው። የቅኔ መምህር ናቸው፤ ቃል ፈትተው ይነግሩኛል ብዬ ነው። አንድም ሰው ሳይቀር ማለት ነው አሉኝ። ሌላ ፍቺ ይኖረው እንደሆን ጠብቄ ነበር፤ የለውም።

ልጄ፣ በኅዳር ድምፅ ሰጠህ። ከዚያ ወዲያ ድምፅህ ጠፋ።

አድማሴ ኅብረቱ አለ ወይ ብሎ የጠየቀው በጥር ነው። አንተ አለ ብለህ የጻፍኸው በመጋቢት ነው። እኔ አለ ያልኩት በሆሳዕና ነው። ከሆሳዕና ይልቅ ኅዳር እንደሚቀድም አንተም እኔም እናውቃለን።

አቻምየለሽ ለባሏ የቋጠረችውን ስንቅ ፈታችና እንደገና ቋጠረችው። ከዚያ እንደገና ፈታችው። ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ፣ "እመት፣ እኔ አልነግረውም" አለችኝ። "ፈርም ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ ብነግረው ደስ ያለኝ ይመስለዋል።"

እኛ አገር ሰው ሲሞት ዘመዱ በገበያ መካከል አይሰማም። ጎረቤት ይጠራራል፣ ሽማግሌ ይቀድማል፣ ጎህ ሲቀድ በር ይመታል፤ ከዚያ ነው ሰውየው የሚረዳው። ለደመኛ እንኳ እንዲህ ነው የሚደረገው። ወግ እጠብቃለሁ ብሎ የተነሣ ማኅበር ሲሞት መርዶው በሬዲዮ መጣ። ያውም ከሰባት ወር በኋላ። እዚህ ያሉት አባላት ሁሉ ሰምተው አንገታቸውን ደፍተው ወደ ቤታቸው ገብተዋል። የታሰረው አንዱ ነው ያልሰማው።

እስኪ ንገረኝ፤ አድማሴን ማን ያርዳው?

እህተ ማርያም


ኮሎኝ፣ ነሐሴ 4 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለአክስቴ፣

ደብዳቤዎን ካነበብኩ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በምን ቃል እንደምጀምር አላውቅም፤ ሰላምታ ለመጻፍም አፈርኩ።

በኅዳር እጄን ያነሣሁት አምኜ አልነበረም። ስሙ ይቆይ ከሚሉት ወገን ነኝ ብዬ ጽፌልዎ ነበር፤ እውነቴን ነበር። ግን አዳራሹ ውስጥ ብቻዬን ስቀር፣ ብቻውን የቀረ ሰው ምን ይጠቅማል ብዬ አነሣሁ። ከዚያም ነገሩ እስኪታወጅ ድረስ ማንም ለማንም እንዳይነግር ተማማልን። አዲስ አበባ ያለው ሰው ማኅተሙን ይዞ ስሙን እንዳይወስድብን ፈርተን ነው። በጥቂት ሳምንት የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

የጥር ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ "የለም" ብዬ ጽፌልዎ ነበር። ፖስታውን ዘግቼ፣ ኮቴን ለብሼ፣ ሳጥኑ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። መሐላው ነው ያስመለሰኝ ብልዎ ግማሽ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ እርስዎ ሳይጠይቁኝ ልንገርዎ። ወደ ግንባሩ ስንገባ ወንበር የተከፋፈልነው አገር ቤት ባለን ሰው ልክ ነው። እርስዎ የላኩልኝን ቁጥር ነው ያቀረብኩት። ፎቶግራፉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ እነዚህ አሉ ብዬ ነው ምክትልነቱን ያገኘሁት። "የለም" ብዬ ብጽፍልዎ ሰሌዳውን ያወርዱት ነበር፤ ሰዉ ይበተን ነበር፤ ወንበሩም ይቀር ነበር። ለአድማሴ እንዲጸና ይንገሩት ያልኩዎ ለእሱ ብዬ አልነበረም።

ያ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ ያየኛል። ፎቶግራፉን ገልብጬ አስቀምጬዋለሁ።

በግንባሩ ስም አቤቱታ ላስጽፍለት ብዬ ጉዳዩን አነሣሁ። የግንባሩ አባል አይደለም አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አይደለም። የግንባሩ ፕሮግራም ውስጥ ስለ ገበሬው ርስት የሚል መስመርም የለም። አስወጥተውታል፤ እኔም ባለሁበት ነው ያስወጡት።

ለአቻምየለሽ በሬ የሚገዛ፣ ለትሕትናም ትምህርት ቤት የሚመልስ ነገር ልላክ። እባክዎን እሺ ይበሉኝ። ሌላ ምን ማድረግ እንደምችል አላውቅም።

ይሄይስ


ቡሬ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለይሄይስ፣

ለአዲሱ ዓመት፣ ሚሊኒየም ላሉትም፣ እንኳን አደረሰህ።

አድማሴ ተፈቷል። ለበዓሉ ምሕረት ከተደረገላቸው ጋር ወጣ። ከስቷል፣ ጆሮው አካባቢ ሸብቷል፤ ሌላው ደኅና ነው። ትሕትና ወደ ትምህርቷ አልተመለሰችም። ጓደኞቼ አልፈውኛል፣ ከትንንሾቹ ጋር አልቀመጥም ብላለች። ይህንን ማንም በምሕረት አይመልስላትም።

መፈታቱን እንደሰማሁ መምህር ገብረ ሕይወትንና አንድ ሌላ ሽማግሌ ይዤ ጅጋ አደርኩ። ጎህ ሲቀድ ወጣን። ከደጁ ሳንደርስ ከመንገድ ዳር ድንጋይ አነሣሁ። መምህር እኔ ልሸከምልዎ አሉኝ። ያፉ ባለቤት እኔ ነኝ ብዬ በአንገቴ ተሸከምኩት። ጉልበቴን ታውቀዋለህ፤ ዳገቱን በዚያ ጉልበት ነው የወጣሁት።

በሩን መምህር መቱ። አድማሴ ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ። እንዳየኝ ሊያነሣልኝ ሮጠ፤ ሽማግሎቹ ያዙት፣ ይስማ አሉ። እኔም አጎንብሼ እንዳለሁ ነገርኩት።

"አድማሴ፣ ኅብረቱ ሞቷል። አለ ብዬ የነገርኩህ ከሞተ በኋላ ነው። አላወቅሁም ነበር፤ ግን የወጣው ከእኔ አፍ ነው። ስለ እግዚአብሔር ይቅር በለኝ" አልኩት።

ከዚያ "አውቃለሁ እመት" አለ። "እዚያው ሳለሁ ሰምቻለሁ።"

ለካ በሐምሌ ሌላ እስረኛ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ነግሮት ኖሯል። በነሐሴ ደግሞ ያንኑ ወረቀት እንደገና አምጥተው ፈርምና ውጣ ብለውት ነበር። ያን ጊዜ ኅብረቱ እንደሌለ ያውቃል። ፈርሞ ቢወጣ ገና ለጤፍ ዘር ይደርስ ነበር። በሌለ ነገር አልታሰርም ብለኸኝ አልነበር ወይ፣ ታዲያ ለምን አልፈረምክም አልኩት።

"ብፈርም እርስዎን ውሸታም ማድረጌ ነው" አለኝ። "አገሩ ሁሉ፣ ያች የቡሬ ባልቴት ዋሸችው፣ በኋላ ገብቶት ፈረመ ሊል ነው። እኔ ኅብረቱን መች አየሁት እመት? የያዝኩት የእርስዎን ቃል ነበር።"

ይሄይስ፣ ከድንጋዩ ይልቅ ይህ ነው የከበደኝ። የእኔን ቃል አምኖ ገባ፤ የእኔን ቃል ሊያድን ተቀመጠ። ቃሉ ግን የእኔ አልነበረም፣ ካንተ ተውሼው ነው።

ድንጋዩን ከአንገቴ አነሣልኝ። "ይቅር ለእግዚአብሔር ብያለሁ" አለ። ወርውረው አሉት ሽማግሎቹ፤ እንደ ወጉ። አልወረወረውም። ከደጁ አጠገብ በቀስታ አስቀመጠው። "የእርስዎን ይቅር ብያለሁ። ይህ የልጅዎ ነው" አለኝ። "ይቅርታ በውክልና አይሆንም።" በቁጣ አልተናገረም። ከዚያ ግቡ ብሎን የተገኘውን ቀመስን።

ስለ ኅብረቱም እነሆ። ባለፈው እሑድ የቀሩትን አባላት ግቢዬ ሰበሰብኳቸው። ማንም ስላልጠየቀን እኛው እንጠያየቅ ብዬ ነው። ጸሎት ተደረገ። ይቀጥል የሚል ነበር፤ ከግንባሩ እንግባ የሚል ነበር፤ አዲስ ስም እናውጣ ያለም አልጠፋ። ርስት የሚለው ሐሳብ አይሞትም፣ የሚያድርበት ቤት ነው ያጣው አሉ መምህር። እስከ መቼ ቤት አጥቶ እንደሚቆይ ግን የሚያውቅ የለም። በመጨረሻ እንዝጋው የሚል እጅ ያውጣ ተባለ። መጀመሪያ ያወጣው አድማሴ ነው። እኔም አወጣሁ። ሰሌዳውን ራሳቸው አወረዱት፤ አልቅሰው ሳይሆን ሬሳ ቀብሮ እንደሚመለስ ሰው ወደየቤታቸው ሄዱ።

በሬ ልግዛ፣ ትምህርት ቤት ልመልስ ላልኸው፣ አትላክ። ብትልክ ይቀበልህ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ነገሩ ያለቀ ይመስልሃል።

እህተ ማርያም


ኮሎኝ፣ ኅዳር 26 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለእመት እህተ ማርያም፣

አንገትዎ ዕረፍት ያግኝ። እኔ ልሸከመው የሚገባኝን ነው የተሸከሙት።

ከግንባሩ ወጥቻለሁ። ምክትልነቱን መልሻለሁ፤ ለምን እንደሆነም ተነሥቼ በስብሰባ ላይ ተናግሬያለሁ። የእነሱ ዝምታ አልገረመኝም፤ እኔም በኅዳሩ ስብሰባ እንዲሁ ዝም ብዬ ነበር። አንድ ሰው ብቻ ስወጣ ተከትሎኝ፣ የቡሬው ቁጥር ታዲያ አሁን የማን ነው ብሎ ጠየቀኝ። የማንም አይደለም አልኩት።

ልመጣ ነው። የካቲት ውስጥ ነው ያሰብኩት። ጓደኞቼ አትሂድ፣ ገና ከአውሮፕላን ስትወርድ ይይዙሃል ይሉኛል። ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ስለዚያ ብዙ አልጨነቅም ብልዎ ውሸት ይሆናል፤ እጨነቃለሁ። ግን እዚህ ተቀምጬ ያ ድንጋይ ደጁ ላይ እንዳለ ከማሰብ ይሻለኛል።

የምፈራው አድማሴን ነው። ምን እንደምለው አላውቅም። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንዎ። መጀመሪያ ቡሬ እርስዎ ዘንድ ልረፍ፤ ከዚያ እርስዎና መምህር ከፊት ቀድማችሁልኝ አብረን እንሂድ። እርስዎ ከፊት ካሉ እኔም ድፍረት አገኛለሁ።

ልጅዎ ይሄይስ


ቡሬ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለይሄይስ፣

ነገ ገና ነው። ጻፊለት ብሎ ልቤ አላስቀምጠኝ ስላለ ከማኅሌቱ በፊት ተቀመጥኩ።

ና አልልህም፤ አትምጣም አልልህም። ቢይዙህ ስንቅ አመላልስልሃለሁ፤ መንገዱን አውቄዋለሁ።

ከመጣህ ግን ከፊትህ አልቀድምልህም። አንዴ ቀድሜልሃለሁ፤ አንተ የጻፍከውን ውሸት እውነት ብዬ አድርሼልሃለሁ። ከእንግዲህ ባንተና በዚያ ሰው መካከል አልገባም። መምህርም እንዲሁ ብለውሃል። ሽማግሌ የጎደለ እንዳይመስልህ፤ የጎደልከው አንተ ነህ።

ለአድማሴ ልትመጣ እንደሆነ ነግሬዋለሁ። ሳይነግሩት የሚደርስ ነገር ሁለተኛ አይድረስበት ብዬ ነው። ምን አለ ብትል፣ ከብቱን እያገባ ነበር፤ በየካቲት መንገዱ ደረቅ ነው፣ አይቸገርም አለ። ሌላ አልጨመረም።

ስለዚህ ከአዲስ አበባ ስትነሣ ትኬትህን እስከ ቡሬ አትቁረጥ። ከደንበጫ ወዲህ ስትመጣ፣ ፍኖተ ሰላም ሳትደርስ፣ ጅጋ ላይ ውረድ። ከገበያው በላይ ያለውን መንገድ ይዘህ ውጣ። የአድማሴን ቤት ማንንም ብትጠይቅ ያሳይሃል፤ ብቻህን ግባ። እኔ ዘንድ የምትመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አክስትህ እህተ ማርያም